120 ለ3 ሲካፈል 40 የማይሆንበት ክፍል

ሰሞኑን በስፋት ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። መልእክቱ ባጭሩ «ድንገተኛ ክፍሎች ያለባቸው የድልድል ችግር እንጂ የነርስ እጥረት አይደለም» የሚል ነው። ጽሑፉ በጥንቃቄ ተሠርቷል፤ ስሌቱን ደረጃ በደረጃ ያሳያል፣ ማንንም አይዘልፍም። ብዙ አስተዳዳሪዎች የወደዱትም በስልክ ካልኩሌተር ተሠርቶ በአንድ ገጽ የሚያልቅ ቀመር ስለያዘ ይመስለኛል። የእኔ ቅሬታ ቀመሩ በሚቆጥረው ነገር ላይ ነው።

ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። በዓመት 43,800 ታካሚ የሚያስተናግድ ድንገተኛ ክፍል በቀን 120 ሰው ይቀበላል። 120 ለሦስት ፈረቃ ሲካፈል 40 ነው። አንዲት ነርስ በፈረቃዋ 8 ታካሚ ካስተናገደች በየፈረቃው 5 ነርስ ይበቃል፤ በሦስት ፈረቃ 15፣ ለዕረፍትና ለፈቃድ 5 ሲጨመር 20። በዚህ ላይ ተመሥርተው ሌሎች ነጥቦችም ያነሣሉ። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን አጣጥፈው የሚታዩ ነርሶች የትርፍ ሰው ምልክት ናቸው። ምጣኔ የግድ ካስፈለገ በካሊፎርኒያ እንደተደነገገው 1 ለ4 (አንድ ነርስ ለአራት ታካሚ) ለሁሉም ይሠራል፤ የልየታ ነርሷም፣ ማለትም በር ላይ የሕመሙን ክብደት አይታ ማን ቀድሞ እንደሚታይ የምትለየው፣ ጊዜ ስለሚተርፋት አልጋ ትያዝ። ተኝተው እንዲታከሙ ተወስኖ አልጋ የሚጠብቁ ሰዎች የዋርድ (የተኝቶ መታከሚያ ክፍል) ታካሚዎች ስለሆኑ ከስሌቱ ይውጡ። ድንገት የሚፈጠር ክፍተት በተውሶ ነርስና በትርፍ ሰዓት ይሸፈን። በመጨረሻም፣ ነርስ መጨመር ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሕይወት ማትረፉ አልተረጋገጠም ይላሉ።

ከራሳቸው ቁጥር ልጀምር። በየፈረቃው 5 ነርስ ይበቃል የሚለውን እንዳለ ብቀበል እንኳ 20 ሰው ያንን 5 አያቆምም። አንድ የተረኛ ቦታ ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ ሰው እንዳይጎድልበት 24 በ365፣ ማለትም 8,760 ሰዓት ይፈልጋል። በሳምንት 40 ሰዓት የምትሠራ ነርስ በዓመት የሚታሰብላት 2,080 ሰዓት ነው። ከዚህ ላይ የዓመት ፈቃድ 20 ቀን፣ በዓላት 12 ቀን፣ ሕመም 8 ቀን፣ ሥልጠና 5 ቀን ቢቀነስ (እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ቁጥር ይተካ) 360 ሰዓት ወጥቶ 1,720 ይቀራል። 8,760 ለ1,720 ሲካፈል 5.1 ነው። አንዷን ቦታ ለመሸፈን ከአምስት ሰው በላይ፣ አምስቱን ለመሸፈን 26 ነርስ ያስፈልጋል ማለት ነው። ሃያ ነርሶች ያላቸው 34,400 ሰዓት ለ8,760 ሲካፈል ደግሞ 3.9 ይሰጣል፤ በወረቀት 5 የተባለው ፈረቃ በተግባር 4 እንኳ አይሞላም።

ለዕረፍትና ለፈቃድ ብለው 5 ሰው መጨመራቸውን አመሰግናለሁ፤ ይህንንም የማይጨምር ዕቅድ ብዙ ነው። ግን በሳምንት ሁለት ቀን ማረፍ ብቻውን 15ን ወደ 21 ያደርሰዋል። ፈቃዱና ሕመሙ ገና አልተነካም። ርክክብም አልተቆጠረም፦ በሦስቱ ፈረቃዎች መገናኛ ላይ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ መደራረብ ካለ የቀኑ ርዝመት 25 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ 5.1 የነበረው ወደ 5.4 ያድጋል። ርክክቡ ይቅር ከተባለ ደግሞ ያልተሰጠ መድኃኒትና ያልታየ የላቦራቶሪ ውጤት በሁለት ፈረቃ መካከል ይወድቃል።

ትልቁ ስሕተት ግን ከዚህም በፊት ያለ ነው። ጽሑፉ የሚቆጥረው በበር የገባውን ሰው ነው። ነርስ የሚያስፈልገው ግን ታካሚው ክፍሉ ውስጥ ለሚቆይበት ሰዓት ሁሉ ነው። የወረፋ ስሌት ተመራማሪው ጆን ሊትል በ1961 (እንደ ጎርጎሮሳውያን) በማስረጃ ያጸናው ሕግ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፦ በአንድ ክፍል ውስጥ በአማካይ የሚገኘው ሰው ብዛት፣ በሰዓት የሚገባው ብዛት በአማካይ ቆይታው ሲባዛ የሚገኘው ነው። በቀን 120 ማለት በሰዓት 5 ነው። እያንዳንዱ 4 ሰዓት ከቆየ በማንኛውም ሰዓት በአማካይ 20 ሰው ክፍሉ ውስጥ አለ። ላቦራቶሪው ሲዘገይ፣ የሲቲ ስካን ማሽን ሲቆም ወይም ስፔሻሊስት ሐኪም እስኪመጣ ሲጠበቅ ቆይታው ወደ 6 ሰዓት ቢረዝም 20ው ወደ 30 ይደርሳል። የነርሷ ሸክም በግማሽ ጨመረ፤ በር ላይ የተመዘገበው 120 ግን ንቅንቅ አላለም። የጸሐፊው ቀመር ይህን ለውጥ ጨርሶ አያየውም።

ለሦስት ማካፈሉም ሌላ ጣጣ አለው። ድንገተኛ ክፍል የሚገባው ሰው በሰዓታት ላይ እኩል አይከፋፈልም፤ ከጠዋት በኋላ ይጨምራል፣ እስከ ምሽት እንደጨመረ ይቆያል፣ ከሌሊቱ 9 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ዝቅ ይላል። ከረፋዱ 4 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በየሰዓቱ 7 ሰው፣ በቀሪዎቹ 12 ሰዓታት በየሰዓቱ 3 ሰው ቢገባ ድምሩ ያው 120 ነው። ቆይታው 4 ሰዓት ከሆነ በውስጡ ያለው ሰው ቀን 28፣ ሌሊት 12 ነው። አምስት ነርስ በእኩል ቢመደብ ሌሊት ለአንድ ነርስ 2.4፣ ከሰዓት በኋላ 5.6 ታካሚ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ብዙ መርሐ ግብር አውጪዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ ክፍሉ የሚሞላው መግቢያው በጨመረበት ሰዓት ሳይሆን ዘግይቶ ነው። በዚህ ምሳሌ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ መግቢያው ቢጨምርም 28 የሚሞላው ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ከምሽቱ 4 በኋላም መግቢያው ቢቀንስ ክፍሉ ወደ 12 የሚመለሰው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት የቀን ፈረቃውን አሰናብቶ በጥቂት ሰው የሚቀጥል ክፍል ሰው የሚቀንሰው ልክ በተጨናነቀበት ሰዓት ነው። መፍትሔው ከቀኑ 6 እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት የሚሠራ መካከለኛ ፈረቃ ነው። በዚህ ነጥብ ጸሐፊው «የድልድል ችግር አለ» ማለታቸው ልክ ነው፤ ያንኑ ያህል ነርስ ይዞ የመግቢያ ሰዓቱን ማሸጋሸግ ብቻ ብዙ ያቃልላል። ነገር ግን ድልድል ያለውን ያዘዋውራል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም።

አማካይ ደግሞ አማካይ ነው። ታካሚዎች ተነጋግረው አይመጡም፤ እንዲህ ያለውን አመጣጥ የፑዋሶን ስርጭት የሚባለው የዕድል ስሌት በደንብ ይገልጸዋል። በሰዓት በአማካይ 7 ሰው የሚገባበት ክፍል ከስድስት ሰዓት በአንዱ 10 ወይም ከዚያ በላይ ይቀበላል። በአማካዩ ልክ ሰው የመደበ ክፍል በሥራ ሰዓቱ ግማሽ ያህል ከአቅሙ በላይ ይሆናል ማለት ነው። ለዚህ ነው ዕቅድ ሲወጣ አማካዩ ላይ ቢያንስ አንድ መደበኛ ልዩነት (ቁጥሩ ከአማካዩ ወጣ ገባ የሚልበት መጠን) የሚጨመረው፤ ለ28 ታካሚ ይህ 5 ገደማ ነው።

ወደ «ሥራ ፈት» ነርሶች እንለፍ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ገብቶ ሁለት ነርሶች ቆመው ያየ ሰው የሚያስበውን እረዳለሁ። ግን ወረፋ የሚገነባበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ ከመቶ ዓመት በፊት ለስልክ ማዕከላት የሠራው ስሌት ለእኛም ይሠራል። በአንድ አገልጋይ ቀላል ወረፋ፣ አገልጋዩ ከጊዜው 80 በመቶ ሥራ ላይ ሲሆን አማካይ ጥበቃው የአንድ አገልግሎት ጊዜ 4 እጥፍ ነው፤ 90 በመቶ ሲሆን 9 እጥፍ፣ 95 በመቶ ሲሆን 19 እጥፍ። ከ80 ወደ 95 መውጣት በአስተዳዳሪ ዓይን ቁጠባ ነው፤ በተኛው ሰው ዓይን የጥበቃው ጊዜ አምስት እጥፍ መሆን ነው። እርግጥ አሥርና ከዚያ በላይ ነርስ ያለው ሰፊ ክፍል ሥራውን ስለሚጋራ ከትንሹ ክፍል በተሻለ ከፍ ያለ ጫና ይችላል። ጫናው ሲጨምር ጥበቃው የሚያሻቅብበት ኩርባ ግን ያው ነው፣ የሚታጠፍበት ቦታ ብቻ ይለያል።

አንድ የልብ መቆም ምን እንደሚወስድ እንይ። ደረት የሚጫነው ሰው በየ2 ደቂቃው ይቀየራል፤ አድሬናሊን በየ3 እስከ 5 ደቂቃ ይሰጣል፤ መድኃኒት የሚቀዳ፣ ሰዓት የሚይዝና የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። ሐኪሞቹ በሙሉ ቢገኙም ሦስት ነርስ ለግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ እዚያው ነው። አምስት ነርስ ባለው ፈረቃ ሁለት ይቀራሉ፤ ቀሪዎቹ 27 ታካሚዎች ለሁለት ሲካፈሉ 13.5 ናቸው። በዚያ ግማሽ ሰዓት የደረት ሕመም ያለበት ሰው ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሣት አለበት፤ ሴፕሲስ ከሾክ ጋር (የደም ግፊትን የሚጥል ከባድ ኢንፌክሽን) የተጠረጠረበት ሰው አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማግኘት አለበት። ጠዋት ቆመው የታዩት ሁለቱ ነርሶች ለዚህ ሰዓት የተያዙ ናቸው። ምናልባትም ቆመው ሳይሆን የዲፊብሪሌተሩን (ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሣውን መሣሪያ) ባትሪ፣ የኦክስጅኑን ሲሊንደርና የማነቃቂያ ጋሪውን መሳቢያዎች እየፈተሹ ነበር፤ ይህ ሥራ ከሩቅ ለሚያይ ሰው መቆም ይመስላል።

ካሊፎርኒያ መጠቀሷ ገርሞኛል፤ የተጠቀሰው ሕግ ለጸሐፊው አይመሰክርምና። በ1999 የጸደቀውና ከጥር 2004 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ (ዘመኑ እንደ ጎርጎሮሳውያን ነው) ለድንገተኛ ክፍል 1 ለ4 ይላል፤ ግን በዚያ አያበቃም። ጽኑ ሕመም ላለበት የድንገተኛ ታካሚ 1 ለ2፣ ለጽኑ የአደጋ ጉዳተኛ 1 ለ1 ይላል። ልየታ (ትሪያጅ) ላይ የተመደበች ነርስ በምጣኔው ውስጥ እንደማትቆጠርም ይደነግጋል። እነዚህም ዝቅተኛ ወለሎች ናቸው፤ የሕመሙ ክብደት ሲጠይቅ መጨመር ግዴታ ነው። ምጣኔው በማንኛውም ሰዓት መጠበቅ አለበት፣ ነርሷ ምሳ ላይ በሆነችበት ጊዜም ጭምር።

ያንኑ ሕግ በጸሐፊው ክፍል ላይ ብንሠራበትስ? ከሰዓት በኋላ ካሉት 28 ታካሚዎች አንዱ ጽኑ የአደጋ ጉዳተኛ፣ አራቱ ጽኑ ሕሙማን፣ 23ቱ ሌሎች ናቸው እንበል። 1፣ 2 እና 5.75 ሲደመር 8.75 ነው፤ 9 ነርስ። የልየታ ነርስና የፈረቃ አስተባባሪ ሲጨመሩ 11። አሥራ አንዱም በ12 ሰዓት ፈረቃ አንድ አንድ ሰዓት ካረፉ 11 ሰዓት ሽፋን ያስፈልጋል፤ ይህ ራሱ አንድ ሙሉ ነርስ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሌሊት በ12 ታካሚ በተመሳሳይ ስሌት 6 ገደማ ይወጣል። ዕረፍቱን ትቼ ብሰላው፣ 11 ነርስ ለ12 ሰዓትና 6 ነርስ ለ12 ሰዓት በቀን 204፣ በዓመት 74,460 ሰዓት ነው። ለ1,720 ሲካፈል 43.3 ይሆናል። ሃያ ይበቃዋል የተባለው ክፍል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ፦ ቋሚ ምጣኔ ብቻውን ደካማ መሣሪያ ነው። አልጋ ይቆጥራል እንጂ አልጋው ላይ ያለውን ሰው አያይም። የተሰበረ አንጓ ይዞ ራጅ የሚጠብቅ ወጣትና ኢንሱሊን በደም ሥር እየወሰደ በየሰዓቱ ስኳሩ የሚለካ ሰው በምጣኔው ሁለቱም «አንድ» ናቸው። ለዚህ የተሻለው መንገድ ታካሚዎችን በልየታ ደረጃ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ደረጃ የሚወስደውን የነርስ ደቂቃ በእውነት መለካት ነው።

የልየታ ነርሷን አልጋ የማስያዙ ሐሳብ ከሁሉም አደገኛው ነው፤ ስሌቱ ግን የሚያሳምን ይመስላል። አንድ ልየታ 5 ደቂቃ ቢወስድ 7 ሰው 35 ደቂቃ ነው፤ «25 ደቂቃ ይተርፋታል» ይላሉ። የሚተርፈው ግን በአንድ ላይ አይደለም፤ ሁለት ደቂቃ እዚህ፣ አራት ደቂቃ እዚያ ነው፤ 10 ሰው በገባበት ሰዓት ደግሞ 10 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ያ ትርፍ ጊዜ ሥራም አለው። በደቡብ አፍሪካው የልየታ መለኪያ ብርቱካናማ ታካሚ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በአንድ ሰዓት፣ አረንጓዴ በአራት ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ቢጫ ተብሎ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እየጠበቀ ሳለ ወደ ብርቱካናማ ወይም ወደ ቀይ ሊሸጋገር ይችላል፤ ይህን የሚያየው ተመልሶ ትንፋሹንና የልብ ምቱን የሚቆጥር ሰው ብቻ ነው። አልጋ የያዘች የልየታ ነርስ ደም የሚወስድ ታካሚ ካላት የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ከአጠገቡ መራቅ የለባትም። በዚያ 15 ደቂቃ በሩ ላይ ማን አለ?

አልጋ ስለሚጠብቁት ሰዎች ጸሐፊው የሚሉት ግማሹ እውነት ነው። ችግሩ የድንገተኛ ክፍሉ አይደለም፤ ዋርዱ ቶሎ ስለማይለቅ ነው፤ መውጣት ያለባቸው ሰዎች ከሰዓት በኋላ ሳይሆን ረፋድ ላይ ቢወጡ ጥበቃው ይቀንሳል። እስማማለሁ። ነገር ግን ችግሩ የማን እንደሆነ መወሰን ሥራውን የሚሠራውን ሰው አይለውጥም። በቀን 12 ሰው ለመተኛት ተወስኖላቸው እያንዳንዱ አልጋ እስኪያገኝ በአማካይ 12 ሰዓት ቢጠብቅ፣ በዚያው በሊትል ሕግ ሁልጊዜ 6 ሰው እዚያው አለ። ከላይ ያልኩት የ4 ሰዓት ቆይታ ይህን ጥበቃ አይጨምርም። በ1 ለ4 ምጣኔ 6 ሰው ቀን ከሌሊት 1.5 ነርስ ነው፤ በ5.1 ሲባዛ 7.6። ከ43.3 ጋር ሲደመር 51 ደረሰ። እነዚህ ሰዎች ቀላል ታካሚዎችም አይደሉም፦ የዋርድ ትእዛዛቸው ተጽፏል፤ በሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት፣ ማገላበጥ፣ የሽንት መጠን መለካት አለባቸው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚጠብቅና የደም ግፊት መድኃኒቱ በየጥቂት ደቂቃው የሚስተካከልለት ሰው ደግሞ ብቻውን ግማሽ ነርስ ይወስዳል። ከሠንጠረዡ ሲወጡ ከክፍሉ አይወጡም።

ተውሶ ነርስ በአንድ ሁኔታ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ እሱም ለእነዚሁ አልጋ ጠባቂዎች ነው። የዋርድ ነርስ የዋርድ ታካሚን መንከባከብ ታውቃለች፤ ድንገተኛ ክፍል መጥታ ስድስቱን ብትይዝ የክፍሉ ነርሶች ይፈታሉ። ልየታ ላይ ወይም ማነቃቂያ ክፍል ውስጥ ከተመደበች ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነው፤ የአየር ቱቦ ማስገቢያው የትኛው መሳቢያ እንዳለ የማታውቅ ሰው ለመቀመጥ እንጂ ለመሥራት አልተመደበችም። በተውሶ የሰጠው ዋርድስ? የእሱ ጉድለት በማን ይሞላል?

ትርፍ ሰዓት ለአንድ ሳምንት ያገለግላል። 51 የሚያስፈልገው ክፍል 43 ይዞ ዓመቱን በትርፍ ሰዓት ልሸፍን ቢል የጎደለው 8 ሰው ወይም 13,760 ሰዓት ነው። ለ43ቱ ሲካፈል እያንዳንዳቸው 320 ሰዓት፣ በሥራ ላይ በሆኑበት በየሳምንቱ ከ7 ሰዓት በላይ ይደርሳቸዋል። ከዚያ የሚሆነው የታወቀ ነው፦ የሕመም ፈቃድ ይጨምራል፣ 1,720 የነበረው ይቀንሳል፣ 5.1 የነበረው ይጨምራል፣ የሚለቁም ይኖራሉ፣ ለቀሩትም ትርፍ ሰዓቱ ይረዝማል።

ስለ ማስረጃው ጸሐፊው ያነሡት ከነጥቦቻቸው ሁሉ ጠንካራው ነው፤ በዋዛ ማለፍ አልፈልግም። ብዙ የሚጠቀሰው በነርሲንግ ተመራማሪዋ በሊንዳ አይከን የተመራው የ2002 (እንደ ጎርጎሮሳውያን) የፔንሲልቬኒያ፣ አሜሪካ ጥናት፣ በአንድ ነርስ ላይ አንድ ታካሚ ሲጨመር በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ ከፍ ብሎ መገኘቱን ያሳያል። ግን የቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ የተሠራ ነው፤ ትስስርን እንጂ መንስኤን በራሱ አያጸናም፤ 7 በመቶውን ወስዶ ድንገተኛ ክፍል ላይ መለጠፍም ልክ አይደለም። ይህን የሚያደርጉ የእኛ ወገን፣ ማለትም ነርስ ይጨመር የሚሉ፣ ጸሐፊዎች አሉ፤ ባይሆን ይሻላል። ይሁንና «ለዚህ ክፍል አልተረጋገጠም» ከሚለው ተነሥቶ «ስለዚህ 20 ይበቃል» ማለት አይቻልም። 20 ይበቃል የሚለውም አልተረጋገጠም፤ እንዲያውም በራሱ ሒሳብ 3.9 ነው። ሕይወት ማትረፉን ለመለካት ሺዎች ታካሚ ያስፈልጋሉ። መድኃኒት መዘግየቱን፣ ሳይታዩ ጥለው የሚሄዱትን ሰዎች ቁጥርና ቢጫ ሆነው የጠበቁት ዳግም መለየታቸውን ግን አንድ ክፍል በአንድ ወር ውስጥ በራሱ መዝገብ ሊቆጥረው ይችላል።

51ም ቢሆን ለሁሉም ክፍል አይሠራም፤ ከጸሐፊው 120 ተነሥቶ እኔ በገመትኩት ቆይታና የሕመም ክብደት የተሠራ ነው። ለራሱ ክፍል ሊያሰላ የሚፈልግ አራት ተከታታይ ሳምንት ይዞ ለእያንዳንዱ ታካሚ የገባበትን ሰዓት፣ የልየታ ደረጃውን፣ ለመተኛት የተወሰነበትን ሰዓትና ከክፍሉ የወጣበትን ሰዓት ይመዝግብ። በየሰዓቱ ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ሰው ይቁጠር፣ አልጋ ጠባቂዎቹን ለብቻ ይያዝ። የሰኞ ከሰዓት በኋላና የእሑድ ንጋት ቁጥሮች ተቀላቅለው አማካይ እንዳይወጣላቸው ይጠንቀቅ፤ ለየቀኑና ለየሰዓቱ የየራሱ ረድፍ ይኑረው። «የወጣበት ሰዓት» የሚለው ዓምድ ብዙ ቦታ ሐኪሙ ወረቀቱን የፈረመበት ሰዓት ሆኖ ይሞላል፤ መሞላት ያለበት ታካሚው አልጋውን የለቀቀበት ሰዓት ነው።